የሲኒው ትረካና የጀበናው ዝምታ

ቡና በሚፈላበት ቤት ከቡናው ጋር አብሮ የሚቀርብ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የሲኒው ታሪክ ነው። በረከቦቱ ላይ ከተደረደሩት መካከል አንዱ ተለይቶ ይነሣና «ይህቺ የእናቴ ናት፤ ከስድስቱ የቀረችው እርሷ ብቻ ናት» ይባላል። ወይም «አያታችን ለመስቀል ከሽሮ ሜዳ ሲመለሱ ያመጡት ነው» ይባላል። ልጅ ስትዳር፣ ጎረቤት አገር ለቆ ሲሄድ፣ ሽማግሌ ሲያርፍና ንብረቱ ሲከፋፈል ዕቃው ለአዲሱ ባለቤት የሚሰጠው ከነትረካው ነው። ልማዱ በመላ አገሪቱ የሚታይ ቢሆንም፣ ለሂስ የተሻለ መስክ የሚሆነው ግን ከጨንቻ ደጋ አንሥቶ እስከ አርባ ምንጭና እስከ ጫሞ ሐይቅ ዳርቻ የሚዘልቀው የጋሞ ምድር ነው። በዚያ ከሩቅ አገር የመጣው ሲኒና ከዚያው አፈር የተሠራው ጀበና በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይገናኛሉ፤ አንዱ ሲተረክለት ሌላው ዝም ይባላል። የዝምታው ምክንያት ሳይመረመር የትረካው ዋጋ ሊታወቅ አይችልም።

ትረካው አጭር ስለሆነ፣ በመድረክ ስለማይቀርብና በመጽሐፍ ስለማይታተም ከሂስ መስክ ውጪ ሆኖ ኖሯል። ሆኖም መነሻ አለው፤ ግጭት አለው፤ መደምደሚያም አለው። ተራኪዋ ተደራሲዋን ታውቃለች፤ የቱን ማስረዘም፣ የቱን ማሳጠር እንደሚገባት ከልምድ ተምራለች። በዕቃው ላይ የሚታየው ስንጥቅ የቃሏ ማስረጃ ነው፤ ጠርዙ ላይ የጎደለው ስባሪም የትረካው ጡዘት ነው። እንግዲህ ይህ ሥነ ቃል ነው። ሥነ ቃል ከሆነ ደግሞ እንደ ተረቱና እንደ ሙሾው ሁሉ ውበቱም ጉድለቱም ሊመረመር ይገባዋል። «ያሳዝናል»፣ «ደስ ይላል» ብሎ ማለፍ አድናቆት እንጂ ሂስ አይደለም።

ትረካው በአመዛኙ በሦስት መልክ ይገኛል። የመጀመሪያው የውርስ ትረካ ነው፤ ከሦስቱም የበዛው ይኸው ነው። እናት አለፈች፤ ሲኒው ቀረ፤ ልጅ ባየችው ቁጥር እናቷን ታስታውሳለች። ስሜቱ እውነተኛ መሆኑ አያጠራጥርም። ችግሩ ያለው ከትረካው አሠራር ላይ ነው። በእንዲህ ያለው ትረካ ውስጥ ሲኒው ተነሥቶ በምትኩ ነጠላ ወይም የጣት ቀለበት ቢገባ ከታሪኩ አንድም ቃል አይለወጥም። ዕቃው ሲቀየር የማይናጋ ትረካ የዚያ ዕቃ ትረካ ሊባል አይችልም፤ በማንኛውም ዕቃ ላይ ሊለጠፍ የሚችል የኀዘን መግለጫ ነው። እናቲቱም ብትሆን በውስጡ አትታይም፤ የሚታየው መሞቷ ብቻ ነው።

በአንጻሩ ትረካው እንዲህ ቢል ነገሩ ሌላ ይሆናል፦ ስድስቱ ሲኒዎች አንድ በአንድ ተሰብረው አንዱ ብቻ ሲቀር፣ ለእንግዳ ማቅረቢያ መሆኑ ቀርቶ መስፈሪያ ሆነ፤ እናቲቱ ገበያ ዳር ተቀምጣ ጥሬ ቡናና ቅመም ስትሰፍርበት ኖረች፤ የጠርዙም ወርቅማ ቀለም የለቀቀው በከንፈር ሳይሆን በፍሬ ነው። ቡናና ቅመም በሲኒ እየተሰፈረ መሸጡ በየገበያው የሚታይ ስለሆነ ይህ ከሕይወት የራቀ ፈጠራ አይደለም። እዚህ ላይ ሲኒው በሌላ ዕቃ ሊተካ አይችልም። እናቲቱም በሥራዋ ትታያለች። ሐዘኑ ሳይነገር ይሰማል።

ሁለተኛው የመንገደኛ ትረካ ነው። የጋሞ ሸማኔዎች ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ወደ አዲስ አበባ እየወጡ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሠፍረው ኖረዋል፤ መስቀል ሲደርስ ወደ ትውልድ መንደር መመለስም የታወቀ ባህላቸው ነው። በዚህ ጉዞ ላይ የተመሠረተው ትረካ ከፊተኛው ይጠነክራል፤ ምክንያቱም ርቀትና ድካም አለበት። ጥሩው ተራኪ «ከአዲስ አበባ ያመጡት» ብሎ አያበቃም፤ ስንት ጋቢ ተሠርቶ እንደተገዛ፣ በጭድ ተጠቅልሎ በማን ጀርባ ዳገቱን እንደወጣ ይናገራል። ሲኒው በጉልበት ይተመናል። የሸማኔው እጅና የሲኒው ልስላሴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ትረካው ከቤተሰብ ትዝታ አልፎ የማኅበራዊ ታሪክ ምስክር ይሆናል።

ሦስተኛው የልውውጥ ትረካ ነው፤ ይህ ከሁሉ ይበልጥ የተናቀ፣ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ ባለጸጋ ነው። «ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ነጋዴ ብርጭቆ፣ ሳህንና ሲኒ ተሸክሞ በለውጡ አሮጌ ልብስና ጫማ ይቀበላል። ስለዚህ በልዋጭ ከገባ ሲኒ ጀርባ ከቤት የወጣ ካፖርት አለ። ሁለት ትረካዎች በደጃፍ ላይ ተሻግረዋል፤ አንዱ ወጥቷል፣ ሌላው ገብቷል። የካፖርቱ ባለቤት ማን ነበር? ማን ሊለብሰው ሄደ? ብዙዎች ይህን አመጣጥ ለእንግዳ መናገር ያፍሩበታል፤ «የተገዛ ነው» ብለው ያልፉታል። በዚህም ከሦስቱ ሁሉ የበለጠውን ትረካ ያጡታል። የድህነትን ዘዴ ደብቆ የድህነትን ዕቃ ማሞገስ በሥነ ጽሑፍም ውስጥ የተለመደ ጉድለት ነው።

ትረካው ከየት እንደሚጀምር ለማወቅ ሲኒውን ገልብጦ ሥሩን ማየት ይጠቅማል። በዚያ ብዙውን ጊዜ ሁለት ምልክት ይገኛል። አንደኛው ከፋብሪካው የታተመ የአገር ስም ነው። ሁለተኛው በጥፍር ቀለም ወይም በዘይት ቀለም የተቀባ ነጥብ ነው፤ ሰርግ ወይም ለቅሶ ሲሆን ዕቃው ከጎረቤት ዕቃ ጋር ስለሚደባለቅ፣ ባለቤቲቱ የራሷን ለይታ የምታወጣበት ነው። ነጥቡ የአንዲት ሴት ፊርማ ነው፤ ሲኒው ከቤቷ ወጥቶ ስንት ድንኳን አይቶ እንደተመለሰ ይመሰክራል። የፋብሪካው ማኅተም ግን የማንም ፊርማ አይደለም። በዕቃ ላይ የአገር ስም ማተም በዓለም ንግድ የተስፋፋው በተለይ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣው የቀረጥ ሕግ ምክንያት ነው። ማኅተሙ ዕቃው የመጣበትን አገር ለጉምሩክ ሹም ይነግረዋል እንጂ ማን እንደሠራው ለጠጪው አይነግረውም።

እርግጥ የአገሩ ስም በማኅተሙ ላይ ብቻ ሳይሆን በዕቃው ስም ውስጥም ይኖራል። «ሲኒ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን «የቻይና» ማለት ነው። እንግሊዞችም ይህንኑ ነጭ ሸክላ «ቻይና» ይሉታል። እንግዲህ በጋሞ ደጋ «ሲኒ አቅርቢ» የምትባለው ልጅ ሳታውቀው የቻይናን ስም ትጠራለች። የእስያ ሸክላ ወደ ኢትዮጵያ ምድር የገባው በቅርብ ዘመን አይደለም። በድሬዳዋ አቅራቢያ በምትገኘው ሃርላ በተካሄደው ቁፋሮ ከየመንና ከማልዲቭ ዕቃዎች ጋር የቻይና ሸክላ ስባሪ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ተገልጿል፤ ይህም የመካከለኛው ዘመን ንግድ ምስክር ነው። በሐረር ባህላዊ ቤት፣ በጌ ጋር፣ ሳህኖችና ጎድጓዳ ዕቃዎች ከስፌቱ ጋር በግድግዳ ላይ ተደርድረው የቤተሰብ ክብር መግለጫ ሆነው ኖረዋል። በ1650ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይም የሆላንድ ነጋዴዎች በጃፓን የተሠራ ሸክላ ወደ የመኑ የቡና ወደብ ወደ ሞካ ማጓጓዝ ጀምረው ነበር።

ቡና በሰሜኑና በመሐሉ ክርስቲያን ዘንድ በስፋት የተለመደው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው፤ የጅቡቲው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ለውጭ ዕቃ ሰፊ በር ተከፈተ። አርባ ምንጭ ራሷ ወጣት ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ የጋሞ ጎፋ አስተዳደር ከጨንቻ ደጋ ወደዚህ ሲወርድ ከደጋው የወረደው ገበሬ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበው መምህር፣ ነጋዴውና ወታደሩ በሲቀላና በሴቻ ሠፈሩ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከመጣበት ይዞት የመጣው ዕቃ ጥቂት ነበር፤ ስለዚህም ዕቃው የትውልድ አገር ምትክ ሆነ። በአዲስ ከተማ ውስጥ የአሮጌ ሲኒ ትረካ የበረታው በዚህ ምክንያት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የዕቃን ትረካ እስከ ጥግ በማድረስ ረገድ ጃፓኖችን የሚያህል የለም፤ የጋሞው ጉዳይም በእነርሱ መስታወት ውስጥ ጎልቶ ይታያል። በኪዮቶ ከተማ በዳይቶኩጂ ገዳም፣ ኮሆአን በተባለው ቤተ መቅደስ ውስጥ የሚጠበቅ አንድ የሻይ መጠጫ ጎድጓዳ ሸክላ አለ። ስሙ ኪዛዬሞን ነው። የተሠራው በ16ኛው መቶ ዓመት በኮሪያ ነው። ስያሜውን ያገኘው ታኬዳ ኪዛዬሞን ከተባለ የኦሳካ ነጋዴ ነው። እንደሚተረከው ይህ ነጋዴ ሀብቱን ሁሉ አጥቶ ሲደኸይ እንኳ ሸክላውን ከእጁ ሳያወጣ በቁስል ደዌ ሞተ። ኋላ ማትሱዳይራ ፉማይ የተባለ መስፍን ገዛው፤ እርሱም ቤተሰቡም በተመሳሳይ ደዌ ተያዙ ተባለ፤ በመጨረሻም ለቤተ መቅደሱ ተሰጠ። ዛሬ የጃፓን ብሔራዊ ቅርስ ነው። ከአንድ አሮጌ የገበታ ዕቃ ላይ ይህን ያህል ፍቅር፣ እርግማንና ክብር የተከመረበት ትረካ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ያናጊ ሶዬትሱ የተባለው የጃፓን የዕደ ጥበብ ሊቅ ይህን ሸክላ በእጁ ይዞ ያየው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የኢትዮጵያን ልዑክ መርተው ጃፓንን ጎብኝተው ነበር፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተሰኘው መጽሐፋቸው በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። ኅሩይና ብዙ የዘመኑ ምሁራን በጃፓን ያዩት የፋብሪካን ኃይልና የመንግሥትን ሥልጣኔ ሲሆን፣ ያናጊ በዚያው አገር ተቀምጦ የሚፈልገው ፋብሪካው ሊያጠፋው የተቃረበውን የእጅ ሥራ ነበር። ይህን ሸክላ ሲያይ የገረመው ተራነቱ ነው፤ ድሃ ሠራተኛ ለድሃ ገበታ በጥድፊያ የሠራው ዕቃ መሆኑን፣ ውበቱም ከዚህ ከተራነቱ የፈለቀ መሆኑን ጻፈ። ስሙ ያልታወቀውን ሠራተኛ አከበረ፤ ስም አለመታወቁን ራሱን እንደ በጎነት ቆጠረለት።

ሂስ መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ያናጊ ለተራው ሠራተኛ የሰጠው ክብር ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ስም አልባነት ሁሉ ትሕትና አይደለም። ስሙን ሊናገር ፈልጎ የሚጠይቀው ያላገኘ ሰውም ስም አልባ ነው። የሸክላው ትረካ ደሃውን ነጋዴ፣ መስፍኑንና ቤተ መቅደሱን በስም ይጠራል፤ ኮሪያዊውን ሠሪ ግን አይጠራም። ከዚህም በላይ ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1598 ኮሪያን በወረረችበት ጊዜ ብዙ ሸክላ ሠሪዎች ተማርከው ወደ ጃፓን ተወስደዋል። የአሪታ ከተማ ፖርሴሊን ጥበብም በትውፊት የሚያያዘው እ.ኤ.አ. በ1616 ተስማሚውን ነጭ ድንጋይ አገኘ ከሚባለው ዪ ሳም ፕዮንግ ከተባለ ኮሪያዊ ጋር ነው፤ አሪታ ለዚህ ሰው የመታሰቢያ ሐውልት አቁማለታለች። ስለዚህ ሠሪን በስም መጥራት የማይቻል ነገር አይደለም፤ ሲፈለግ ይቻላል።

የቻይና ሸክላ ሠሪዎችን በስም መጥራት ግን ለአርባ ምንጭ ባለ ሲኒ አዳጋች ነው። ሶንግ ዪንግሺንግ የተባለው ቻይናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው ስለ ጥበበ እድ በሚናገረው መጽሐፉ ውስጥ፣ አንድ የሸክላ ዕቃ ተሠርቶ እስኪያልቅ በ72 እጅ ያልፋል ብሏል። አንዱ ጭቃውን ያቦካል፣ ሌላው ያዞራል፣ ሌላው ክፈፉን ብቻ ይቀባል፣ ሌላው እሳቱን ይጠብቃል። የጂንግደዠን ከተማ ዝና የቆመው በእነዚህ እጆች ላይ ነው። ትረካው ሰባ ሁለቱን ሁሉ ይጥራ ማለት ከንቱ ነው። ግን «ብዙ ሰዎች ደክመውበታል» የምትል አንዲት ሐረግ ትረካውን አታከብደውም። የሩቁ ሠሪ ባይታወቅ ሰበብ አለው፤ ባሕርና ተራራ በመካከል አለ።

የጀበናው ሠሪ ግን ሩቅ አይደለችም። በጋሞ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። አፈሩን ቆፍረው፣ ፈጭተውና አቡክተው፣ ያለ መዘውር በእጃቸው ይቀርጹታል፤ ካደረቁት በኋላ በግልጥ እሳት ይተኩሱታል። ከዚያም በጀርባቸው ተሸክመው ገበያ ያወጡታል። ገዢዋ ጀበናውን የምትቀበለው ከራሷ ከሠሪዋ እጅ ነው፤ ፊት ለፊት ተያይተው፣ ዋጋ ተከራክረው፣ ድምፁን በጣቷ አንኳኩታ አዳምጣ ነው። በዓለም ላይ ሠሪና ገዢ እንዲህ የሚተያዩበት ገበያ እየጠፋ ነው። እንዲህም ሆኖ ቡና በሚፈላበት ቤት ስለ ሲኒው ብዙ ሲነገር «ይህን ጀበና የሠራችው እከሊት ናት» ሲባል እምብዛም አይሰማም። ሩቁ ሠሪ ስላልታወቀ፣ ቅርቧ ሠሪ ደግሞ እየታወቀች አልተጠራችም።

ምክንያቱ በኅብረተሰቡ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በጋሞ ልማድ መሬት ያለውና በጉባኤ የሚናገረው ወገን «ማላ» ሲባል፣ ሸክላ ሠሪው እንደየአካባቢው «ማና» ወይም «ጭናሻ»፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ «ደጋላ» እየተባለ ተለይቶ ኖሯል። ከማላ ጋር አይጋባም ነበር፤ በአንድ ገበታ አይቆርስም ነበር። አሉላ ፓንክረስትና ዲና ፍሪማን ስለ ኢትዮጵያ የተገለሉ ወገኖች ባዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው የጥናት መጽሐፍ መገለሉ በመኖሪያ፣ በኢኮኖሚ፣ በፖለቲካ፣ በማኅበራዊ ግንኙነትና በባህል መስክ የሚገለጥ መሆኑ ተተንትኗል። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለዕደ ጥበብ ሠራተኞችም የመሬት ተጠቃሚነት በር ከፍቷል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። ነገር ግን አዋጅ የሚደርስበትና ትረካ የሚደርስበት ቦታ ይለያያል። ሕጉ መሬት ሊሰጥ ይችላል፤ ስሟን በቡና ሰዓት ሊያስጠራ ግን አይችልም። «ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል» የሚለው ተረት እስከ ዛሬ በሰው አፍ አለ፤ ተረቱ ለራሱ ሳይተርፈው ለሌላው ስለሚሠራ ሰው ይናገር እንጂ፣ ነገሩ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። ጀበናው የማይተረክለት ሠሪዋ ስለተናቀች ሳይሆን ዕድሜው አጭር ስለሆነ ነው ሊባል ይችላል። በእርግጥ ፖርሴሊን ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማያንስ ሙቀት የተተኮሰ በመሆኑ እንደ መስታወት ጠጣር ነው፤ በግልጥ እሳት የተተኮሰው ጀበና ግን በየቀኑ ፍም ላይ እየተጣደ ይሰነጠቃል፤ ሲሰበርም ገል ሆኖ ፍም መውሰጃ ወይም የዕጣን ማጨሻ ይሆናል። ሲኒ ይወረሳል፤ ጀበና ይተካል። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል።

ሆኖም ከዚያው ቤት ውስጥ የሚነሣ ሌላ ዕቃ ክርክሩን ያፈርሰዋል። ሌማቱም፣ ሙዳዩም፣ ቅሉም ዕድሜያቸው ከሲኒው ያጥራል፤ ሣሩ ይበሰብሳል፣ ቅሉም ይሰነጠቃል። ግን «ይህ ስፌት የእህቴ እጅ ነው» ይባላል። ጋቢ ያልቃል፤ ቢሆንም ማን እንደሠራው ይነገራል፤ የጋሞ ሸማ ሠሪ በዱንጉዛው ቀለማትና በእጁ ጥራት ይታወቃል። ስለዚህ ትረካን የሚወስነው የዕቃው ዕድሜ አይደለም፤ የሠሪው ማኅበራዊ ቦታ ነው። ስፌቱን የሠራችው ከገበታው ጋር የምትቀርብ ናት። ጀበናውን የሠራችው ከገበታው የራቀች ነበረች። ስሟ በገበታ ዙሪያ ያልተጠራው እርሷ በገበታ ዙሪያ ስላልተቀመጠች ነው።

የሸክላው ዝምታ ሊነበብ እንደሚችል ሳይንስም አረጋግጧል። ጆን አርተር የተባለው አሜሪካዊ የቅርስ ተመራማሪ በጋሞ ደጋ መንደሮች ውስጥ እየዞረ በየቤቱ ያሉትን የሸክላ ዕቃዎች ከመሠራት እስከ መጣል ያለውን ሕይወታቸውን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 መጽሐፍ አሳትሟል። ጠላ የተጠነሰሰበት ጋን ውስጡ እየተፋቀ ይሄዳል፤ ጠላ አዘውትሮ መጥመቅ ደግሞ እህል የተረፈው ቤት ሥራ ነው። ስለዚህ የጋኑ የውስጥ ገጽ የባለቤቱን ሀብት ይናገራል። የተጠገነው፣ ለሌላ ተግባር የዋለው ገልም የራሱን ይናገራል። ካትሪን አርተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የቦረዳ ጋሞ ቆዳ ፋቂዎች የድንጋይ መፋቂያቸውን እንደ ሰው የሚወለድ፣ የሚያድግና የሚሞት ሕያው ነገር አድርገው እንደሚመለከቱት ገልጻለች። እንግዲህ ዕቃን ከነሕይወቱ የማየት ጥበብ ለጋሞ እንግዳ ትምህርት አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ የሚገኘው ኅብረተሰቡ ወደ ዳር ከገፋቸው ባለ እጆች ዘንድ ነው።

ይህ ጉዳይ ኪነ ጥበብን የሚመለከተው በሩቁ አይደለም። ቡና የማይፈላበት የአገር ቤት ትዕይንት በመድረክ ላይ እስኪናፈቅ ድረስ ረከቦት የተውኔት ሁሉ ማሟሻ ሆኗል። መጋረጃው ሲከፈት ዕጣኑ ይጨሳል፤ ሲኒው ይንኳኳል፤ ተመልካቹ «የእኛ ነው» ብሎ ይደሰታል። ያ ጀበና ግን ከንብረት ክፍል የወጣ ዕቃ እንጂ ሰው የሠራው ነገር ሆኖ አይታይም። ሠዓሊውም የሲኒውን ንጣት ከጀበናው ጥቁረት ጋር አነጻጽሮ ጥሩ የብርሃን ጨዋታ ይፈጥራል፤ የሁለቱን መገናኘት ታሪክ ግን ለቀለሙ ብቻ ይተወዋል። ትዝታን መቀስቀስ ቀላል ነው፤ ዕጣንና ሙዚቃ ይበቁታል። ትዝታው ማንን እንዳካተተና ማንን እንዳስቀረ መጠየቅ ግን የጸሐፊና የሠዓሊ ሥራ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ በረከቦቱ ፊት ባለቤቲቱን ብቻ ሳይሆን ጀበናውን ለመሸጥ ከደጅ የቆመችውን ሴትም ቢያይ፣ ለአንድ ሙሉ ገቢር የሚበቃ ግጭት እዚያው ያገኛል፤ ወደ ውስጥ ትግባ ወይስ አትግባ? ቡና ይቀዳላት ወይስ አይቀዳላት? በየትኛው ሲኒ?

መምህሩም የራሱ ድርሻ አለው። ተማሪዎች ከቤታቸው ስለ አንድ ዕቃ ጽፈው እንዲመጡ ሲታዘዙ ብዙዎቹ የአያትን ሲኒ ይመርጣሉ፤ መልካም ነው። ግን ጥያቄው በዚያ እንዳይቆም ያስፈልጋል። ዕቃው በምን ተለወጠ? ለምን ተግባር ዋለ? ማን ሠራው? ሦስተኛው ጥያቄ ተማሪውን ከቤቱ አውጥቶ ወደ ገበያ ይወስደዋል፤ ወደ ሸክላ ሠሪዋም ያደርሰዋል። ቅርስ የሚሰበስቡ ክፍሎችም እንደዚሁ ናቸው። በዓለም ዙሪያ ባሉ የባህል ሙዚየሞች በተለመደው አሠራር በሸክላ ዕቃ ሥር በሚለጠፈው ወረቀት ላይ የብሔረሰቡ ስምና የመንደሩ ስም ይጻፋል፤ አንዳንዴም የሰብሳቢው ስም ይታከላል። የሠሪዋ ስም ቦታ አልተተወለትም። ሠሪዋ በሕይወት ባለችበትና ፈቃዷን ልትጠየቅ በምትችልበት አገር ይህ ጉድለት ምክንያት የለውም። ፕላስቲክ ጀሪካንና የአሉሚኒየም ድስት ገበያውን በያዙበት በዚህ ጊዜ ጥያቄው ሊዘገይ አይገባውም፤ ሙያው ሳይጠራ ከጠፋ ኋላ የሚጠራው አይገኝም።

ይህ ሁሉ ሲባል የሲኒው ትረካ ይቅር ማለት አይደለም። ሰው ከዕቃው ጋር ፍቅር መያዙ፣ ያንንም ፍቅር ለሚቀጥለው ባለቤት ማስረከቡ ከሰውነት ጠባይ አንዱ ነው፤ ከሰባ ሁለት እጅ የወጣችው ሲኒ በሰባ ሦስተኛው እጅ ስትደርስ ተቀባይዋ በቀለም ነጥብ መፈረሟም ያምራል። የሚጠየቀው ትረካው እንዲያጥር ሳይሆን እንዲረዝም ነው፤ ከወራሿ ወደ እናቲቱ፣ ከእናቲቱ ወደ ሻጩ፣ ከሻጩ ወደ ሠሪው እንዲሄድ፣ ከሲኒውም ተሻግሮ ጀበናውን እንዲነካ ነው። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ይላል የአገሩ ሰው። ጋኑን የሠራችው ሴት ከጠጠሩ ያነሰ ስፍራ በትረካ ውስጥ ሊሰጣት አይገባም። በአንድ ረከቦት ላይ የቻይና ስም በየቀኑ እየተጠራ፣ ከገበያው ማዶ የምትኖረው ሸክላ ሠሪ ስም ካልተጠራ፣ ያ ቤት ትዝታ አለው ሊባል የሚችለው በከፊል ብቻ ነው።